ከባቱ አዳማ፣ በቴሌቪዥን ሰዓት

ባቱ፣ ንጋት

መናኸሪያው ገና አልሞቀም። የጋሪ ፈረሶች ጭድ ያኝካሉ። የአበባ እርሻው ሰርቪስ ሴቶቹን ጭኖ ወጣ። ታላቅ ወንድሜ ታምራትም በዚህ ሰርቪስ ነበር ሥራ የሚሄደው። ጨዋታ ባለበት ቀን ግን ፈረቃ ቀይሮ ከደጋፊዎች ጋር ወደ አዳማ ይወጣል። የኛ ሜዳ መብራትም የካሜራ ማቆሚያም ስለሌለው የክለባችን «የሜዳው» ጨዋታ የሚደረገው አዳማ ነው።

ታምራት የሞተው ከዚያ ሲመለስ ነው። የቀን ጨዋታ ለቴሌቪዥን ተብሎ ወደ ማታ ተዛወረ። ሲያልቅ መንገዱ ጨልሞ ነበር።

ዛሬ ከአርባው ወዲህ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። ከመጀመሩ በፊት የአንድ ደቂቃ የህሊና ጸሎት ይደረግለታል ተብሏል። ፎቶውን በትልቁ አሳትሜ ይዣለሁ። ጨዋታው ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ትናንት የደጋፊዎቹ ቴሌግራም ላይ «ሰዓት ተቀይሯል፦ 7:00» የሚል ወጣ። ለእናቴ ስነግራት ደስ አላት። በጊዜ ይገባል ብላ ነው። በር ላይ ግን አንድ ነገር አለችኝ።

«ካመሸህ የወንድምህ አጥንት ይውጋህ።»

የሚኒባሱ ሹፌር ጋሽ ቱፋ ናቸው። «አካም ቡልቴ፣ ታናሹ? ና ፊት ግባ» አሉኝ። በሞተበት ማታ ታምራት በሌላ ሚኒባስ ፊት ነበር የተቀመጠው። ኋላ ይሻለኛል አልኳቸው። አላስገደዱኝም። ደጋፊዎቹ ተሟልተው ስንወጣ ግን ረፍዶ ነበር።

መቂ

የቲማቲም ሳጥን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ተደርድሯል። ሽንኩርት በኩንታል። ቆመን ፓስቲ በሻይ በላን። ከድር ከበሮውን ይዞ ወረደ። ከድር የታምራት ጓደኛ ነው፤ ጭፈራውን የሚመራው እሱ ነው። ፓስቲ የምትጠብሰው ሴት ማሊያችንን አይታ ሳቀች።

«እናንተ ቤታችሁ ቴሌቪዥን የለም እንዴ? ባሌ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ያየዋል።»

«የተጋደመ ሰው አይጨፍርም፣ እትዬ» አላት ከድር።

«ለሚሸነፍ ቡድን ደግሞ ማን ይጨፍራል!»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ታምራት ትዝ አለኝና ፓስቲዬን ለከድር ሰጠሁት።

ቆቃ

ዓሣ ሻጮች የያዙትን ዓሣ ለመኪናው እያወዛወዙ ያሳያሉ። ሐብሐብ ተቆልሏል። ታምራት የሞተበት ቦታ ከዚህ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ጋሽ ቱፋ ሳይነገራቸው ፍጥነት ቀነሱ። ከበሮውም ዝም አለ።

አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ረዳቱ እንደ ደንቡ ቅጠል ቆርጦ ከኋላው አስፋልት ላይ ጥሏል። ቀን ቢሆን ማንም ሹፌር ቅጠሉን ከሩቅ አይቶ ያውቃል። ማታ ቅጠል ምን ይታያል? የታምራት መኪና ቅጠሉንም መኪናውንም አላየም።

አሁን እዚያ ምንም የለም። ምን እንደጠበቅሁ እኔም አላውቅም።

ሞጆ

የጭነት መኪና ሰልፍ። የቆዳ ፋብሪካ ሽታ። መስኮት ዘጋን፤ ሙቀቱ ሲብስ ከፈትን። «ሰባት ሰዓት ደረሰብን፣ ጋሼ!» ይላል ከድር። «ክንፍ ግዛልኝ!» ይላሉ ጋሽ ቱፋ። እኔ ፎቶው እንዳይታጠፍ ጉልበቴ ላይ አቁሜ ይዤዋለሁ።

አዳማ

ከባጃጅ ጋር እየተጋፋን ስታዲየሙ ደረስን። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው ዛፍ ሥር ምሳውን ይበላል።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?»

«ጨዋታ ነዋ!»

«ጨዋታው ማታ አንድ ሰዓት ነው።»

ከድር ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ጥበቃው እጁን ሳይታጠብ አንገቱን አስግጎ አየና ሳቀ።

«ይሄማ የፈረንጅ ሰባት ነው። የቴሌቪዥኑን ሰዓት እንዳለ ነው የለጠፋችሁት።»

ማንም አልሳቀም። እኛ ሰባት ስንል ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ቴሌቪዥኑ ሰባት ሲል ጨልሟል። ቀን ወይም ማታ ብሎ ለመጻፍ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ሰዓቱን የሚቀይሩት ሶፋ ላይ ላለው ሰው ነው። እሱ የትም አይመለስም፤ አልጋው አጠገቡ ነው።

ጋሽ ቱፋ «በጨለማ አልነዳም። መኪናው ውስጥ እናድራለን» አሉ። ለእናቴ ደወልኩ። አዳማ እንደማድር፣ ነገ ጠዋት እንደምገባ ነገርኳት። «ዛሬም ሌሊቱን ስልክ ስጠብቅ ልደር?» አለችኝ።

«የህሊና ጸሎቱስ፣ እማዬ?» አልኳት።

«ፎቶውን ስጣቸውና ና፣ ልጄ። እኔ በቴሌቪዥን አየዋለሁ።»

ፎቶውን ለከድር ሰጠሁት። «በሁለት እጄ ነው የማነሳው። ካሜራው ፊት እቆማለሁ፣ ለእማማ ንገራቸው» አለኝ። ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ሄድኩ። በመጣሁበት መንገድ፣ ጨዋታ ሳላይ፣ ብቻዬን ተመለስኩ።

ባቱ፣ ማታ

እናቴ በጥቁር ልብሷ ላይ ነጠላ ደርባ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። ኳስ አይታ አታውቅም። ጎረቤቶች መጥተዋል። እትዬ ዘነበች ለብቻዋ እንዳትሆን አጠገቧ ተቀምጠዋል። በቴሌቪዥኑ ሁለት ሱፍ የለበሱ ሰዎች ስለ አሰላለፍ ያወራሉ። እናቴ ሁለቱንም ትክ ብላ ታያለች፤ ከነሱ አንዱ የታምራትን ስም የሚጠራ መስሏታል።

ሰዎቹ «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» አሉ። የቀለም ማስታወቂያ መጣ። አንዲት ሴት ብሩሽ ይዛ እየጨፈረች ግድግዳ ትቀባለች።

ስልኬ ጮኸ። ከድር ነው የጻፈው። «አሁን ነው። ስታዲየሙ በሙሉ ቆሟል።»

«እማዬ፣ አሁን ነው» አልኳት።

እናቴ ብድግ አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ጎረቤቶቹም ተነሡ። እትዬ ዘነበች ድምፁን ሊቀንሱ ሪሞቱን ፈለጉ፤ አላገኙትም። ሴትዮዋ እየዘፈነች ግድግዳውን ቢጫ ስትቀባ አንገታችንን ደፍተን ቆምን።

ማስታወቂያው ሲያልቅ ኳሱ ተጀምሯል። ተጫዋቾቹ ይሮጣሉ። እናቴ ገና እንደቆመች ነው።

«ፎቶውስ?» አለችኝ።