ጋሽ ደበበ የሌሉበት የጋሽ ደበበ አልበም

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። እስካሁን ግን ሰው አልበም ሲያገላብጥ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

የካ ሚካኤል አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። ጥበቃችን ጋሽ ደበበ ሃያ ሁለት ዓመት በሩ ላይ ቆመው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ስንብት ይዘጋጅላቸው ተባለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ለውኃ መጠጫም ቢሆን ኮሚቴ ይዋቀራል። አምስት ሆነን ተመረጥን። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን የወሰንነው አንድ ነገር ነው፤ ጋቢ ሁሉም ይሰጣል፣ እኛ የፎቶ አልበም እናሳትም።

ሐሳቡ የኔ ነበር። ጋሽ ደበበ አንድ ቀን ሲያጫውቱኝ ቤታቸው ውስጥ ከሥራ ቦታቸው አንድም ፎቶ እንደሌላቸው ነግረውኛል። "ልጆቼ የት እንደምውል ቢያዩ ደስ ይለኝ ነበር" ነው ያሉኝ። እኛ ጋ ደግሞ በየምረቃው፣ በየበዓሉ፣ በየዓመቱ እንጦጦ ስንወጣ የተነሳነው ፎቶ ሞልቷል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የኮምፒውተር መምህሩ ቲቸር ብሩክ ነበር። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲነክስ "ድራይቨሩ ነው" ብሎ የሚሄድ ሰው ነው። ወረቀቱን ጎትተን የምናወጣው እኛ ነን። መገናኛ ያለው ማተሚያ ቤት ፎቶዎቹ ሁሉ አራቱም ጎናቸው እኩል በሆነ መጠን ተስተካክለው ይምጡ ሲለን፣ መቶ አርባውን ፎቶ ማን አንድ በአንድ ያየዋል ብዬ ተጨነቅሁ። ብሩክ ሳቀብኝ።

"ሠኒ፣ አንድ በአንድ የሚባለው ድሮ ቀረ። ባች ነው የሚደረገው፣ ሁሉም በአንዴ! ሴሌክት ኦል፣ ሪሳይዝ፣ ሴቭ። ሻይሽን ሳትጨርሺ ያልቃል።"

እውነትም ሻዬን ሳልጨርስ አለቀ።

ፎቶዎቹን በላክን በሁለተኛው ቀን የማተሚያ ቤቱ ሠራተኛ ደወለችልኝ። "እህቴ፣ የፎቶዎቹ መሃል ብቻ ነው የቀረው፤ ግራና ቀኙ ተቆርጧል። ከማተሜ በፊት አንድ በአንድ እዩት" አለችኝ። "እኛ ባለሙያ አለን" ብዬ ዘጋሁባት። ለብሩክ ስነግረው "ሥራ ሲሰለቻቸው እንዲህ ነው የሚሉት" አለ። ሁለታችንም ሳቅንባት።

እሷ ግን አልተወችንም፤ የአልበሙን ናሙና በቴሌግራም ላከችልን። አምስታችንም አየነው። አንዷ "እዚህ ጋ ወፍሬአለሁ፣ ይውጣልኝ" አለች። አንዱ ከረባቱ ያማረበት ፎቶ ትልቅ ሆኖ እንዲገባ ለመነ። እኔም ፀጉሬ የተበላሸበትን አንዱን አስወጣሁ። ከዚያ "ፐርፌክት ነው፣ ይታተም" ብለን ጻፍንላት።

ስንብቱ እንጦጦ ላይ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ባህር ዛፉ ሥር ተዘጋጀ። ዳይሬክተሩ ንግግር አደረገ፤ ሩቡ ስለ ጋሽ ደበበ፣ የቀረው ስለ ራሱ ነበር። ከዚያ ብሩክ አልበሙን በሁለት እጁ አንስቶ፣ እንደ ዋንጫ ዞር ዞር አድርጎ ካሳየ በኋላ ሰጣቸው።

ጋሽ ደበበ ሱፍ ለብሰው ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አደረጉና መግለጥ ጀመሩ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ፈጠን ፈጠን እያሉ እስከ መጨረሻው ሄዱ። እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው "አንተ የታለህ?" ሲሏቸው ሰማሁ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋሽ ደበበ ፎቶ ስንነሳ መሃል ገብተው አያውቁም። "ኧረ ጋሼ፣ መሃል ይግቡ" ስንላቸው "ተዉኝ፣ እኔ ዳር ይበቃኛል" ይሉና ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው ጫፍ ላይ ይቆማሉ። እኛም ለወጉ አንዴ ለምነን እንተዋለን። የብሩክ ባች ደግሞ የሁሉንም ፎቶ ዳር እኩል ቆርጦ ጥሎታል። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ከጋሽ ደበበ የተረፈው አንድ ትከሻና ቆብ የያዘ እጅ ነው።

አልበሙን ዘጉት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁም አላችሁበት" አሉ። ነገር አልነበረበትም፤ ከልባቸው ነው ያመሰገኑት። ቢሰድቡን ይሻለኝ ነበር።

ብሩክን ወደ ጎን ሳብኩና ዋናዎቹ ፎቶዎች የት እንዳሉ ጠየቅሁት። "ኦቨርራይት ሆነዋል፣ የሶፍትዌሩ ችግር ነው" አለኝ። የቆረጠውን በዋናው ላይ ነው ሴቭ ያደረገው! አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባል የለ? ከዚያ ብሩክ ሄዶ ሳህኑ ላይ ክትፎ ጨመረ።

በማግስቱ መገናኛ ወረድኩ። ያቺ ሠራተኛ "ብያችሁ ነበር" አላለችኝም፤ ወንበር ስባ ሰጠችኝ እንጂ። ከየሰዉ ስልክ የለቀምኩትን ሃያ ሦስት ፎቶ አንድ በአንድ እያየን አስተካከልነው። ጋሽ ደበበ በሁሉም ላይ አሉ፤ ዳር ላይ።

አዲሱን አልበም ቤታቸው ወሰድኩላቸው። ልጆቻቸው ተሻምተው አዩት። እሳቸውም ሳቁ፣ መረቁኝም። ልወጣ ስል የመጀመሪያውን መደርደሪያ ላይ አየሁትና "ጋሼ፣ ያንን ይስጡኝ፤ ወስጄ ልጣለው" አልኳቸው።

"ተዪው ልጄ፣ ይቀመጥ" አሉኝ። "ሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው የኖርነው።"

ብሩክን ዛሬም እንቀዋለሁ፣ አልዋሽም። እሱ ግን ቢያንስ የሚያሳብብበት ማሽን አለው። እኔ በገዛ ዓይኔ እያየሁ፣ የራሴን ፀጉር ብቻ ፈልጌ "ይታተም" ያልኩት በምን ላሳብብ?