ተራ ቁጥር አርባ አንድ

ያቺ ልጅ ከክሊኒኩ የቀረችው በእኔ ምክንያት ይሆን? ስንት ዘመን አለፈ፤ ዛሬም ራሴን እጠይቃለሁ። ሰሞኑን እንደ እኔ በግሏ የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትሠራው የእህቴ ልጅ ደውላ፣ “አክስቴ፣ ለድሮ ደንበኛዬ የሠራሁትን ለአዳዲስ ደንበኞች በማሳየው ፖርትፎሊዮዬ ላይ ባወጣው ችግር አለው?” ስትለኝ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ትምህርት ዘግይቶ ነው ያገኘኝ። በሃያ ስምንት ዓመቴ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ለነበረች ትንሽ ክሊኒክ የኤችአይቪ ምርመራ መዝገብ በኮምፒውተር ማዘጋጀት ነበር። ያኔ ሰው ስሙን ለመስጠት ይፈራል። ሲስተር የምንላቸው ነርስ ግን ዘዴ ነበራቸው፤ “የክርስትና ስምሽን ብቻ ንገሪኝ” ይላሉ። የክርስትና ስምን ከእናት በቀር ማን ያውቃል? እኔም በየረድፉ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን፣ ውጤቱንና በየወሩ ለክትትል የመጣበትን ቀን አሰፈርኩ።

ክረምት ሲገባ እንጦጦ ላይ ያለ አንድ ደብር የምእመናን መዝገብ ፈለገ። “ሥራሽን ሳናይ በምን እንመንሽ?” አሉኝ። የማሳየው ያንን አንዱን ብቻ ነበር። ባዶ ሠንጠረዥ ማሳየት ደግሞ ባዶ ሞሰብ እንደ ማቅረብ መሰለኝ። ሲስተርን ሳልጠይቅ መዝገቡን ከነሰዎቹ ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩት።

ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ ዳገቱን ወጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ይስባል፤ ባሕር ዛፉ ያንጠባጥባል፤ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ሲወርዱ መንገድ እለቅላቸዋለሁ። ኪሴ ውስጥ የነበረውን የገብስ ቆሎ ከጭንቀት የተነሳ አልነካሁትም።

የደብሩ አባ መነጽራቸውን ጠርገው ተጠጉ። ከታች ያለው የፈረንሳይ ሰፈር ግማሹ የንስሐ ልጃቸው ነበር።

“ይሄ የእውነት ሰው ነው?”

“አዎ አባ፤ ግን በክርስትና ስም ስለሆነ ማንም አያውቃቸውም።”

ጣታቸው ረድፍ በረድፍ ወርዶ አርባ አንድ ላይ ቆመ። ከስሙ ጎን፣ “ሃያ ሦስት፤ ፈረንሳይ፤ ቫይረሱ አለባት” ይላል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

“ልጄ፣” አሉ ቀና ሳይሉ፣ “ይህን ስም ማን ያወጣላት ይመስልሻል?”

እሳቸው ራሳቸው እንደሆኑ ያኔ ገባኝ።

“ዝጊው። ለሌላ ሰው እንዳታሳዪ።”

ውጤቱ ድረስ አንብበው ይሆን? አልጠየቅኩም። ሥራውን ሰጡኝ፤ ነገሩን ግን ዳግመኛ አላነሱትም።

ክሊኒኩ ሄጄ መዝገቡን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው አርባ አንድን ሆነ። ሐምሌ፣ ባዶ። ነሐሴ፣ ባዶ። መስከረም ጠባ፤ አሁንም ባዶ። ሲስተር “ይቺ ልጅ እኮ ጠፋችብኝ፤ መድኃኒቷንም አልወሰደች” ሲሉ አንገቴን ደፋሁ። ምናልባት አባ ጸበል ግቢ ብለዋት ይሆናል። ምናልባት አንዲት ቃል አልተነፈሱም፤ እሷም አገር ቀይራ ይሆናል። አባ አርፈዋል፤ የምጠይቀው ሰው የለም።

የእህቴን ልጅ “ነገ እደውልልሻለሁ” አልኳትና በማግስቱ ጠዋት ኮተቤ፣ ሲስተር ቤት ሄድኩ። ሲስተር ጡረታ ወጥተዋል፤ በረንዳቸው ላይ ጎመን ይከትፉ ነበር። ከገለበጥኩበት ቀን ጀምሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስሟን መጥራት አላስፈለገኝም፤ “አርባ አንድ” ስል ቢላዋው ቆመ።

“ወይ አንቺ!” አሉ። “እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት፣ መጨረሻ የመጣች ቀን ስለተቆጣኋት የቀረች መስሎኝ ነበር።”