ለካፒታን የተፈተለ የቀኝ ክር

ኒካሲያ ዋራቺ የወደቀችው በነሐሴ ንፋስ፣ ፀጉራቸው የሚፈተል ግመል መሰል ላማዎቿን ውሃ ልታጠጣ በወረደችበት ወንዝ ዳር ነው። እየሄደች ስትፈትል እንዝርቱ ከእጇ አመለጠ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ወዲያው ጉልበቷም ከዳት። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ሰማዩን ብቻ ነው።

ያን ቀን መንጋው በሰዓቱ ወደ በረቱ አልተመለሰም። ሽማግሌው ላማ ካፒታን፣ ባለቃጭሉ የመንጋው መሪ፣ ካጠገቧ ንቅንቅ አላለም፤ እሱ ካልሄደ ደግሞ ሌላው አይሄድም። የሟች ባሏ እህት ኤውሎሂያ የቃጭሉ ድምፅ ሲዘገይባት ፍለጋ ወጥታ አገኘቻት። ኒካሲያ ይህን በነገሯት ቁጥር፣ በተንሻፈፈ አፏ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፤ ለካፒታንም ገብስ ጣሉለት" ትል ነበር።

ከሆስፒታል ስትመለስ እግሯ በምርኩዝ መራመድ ጀምሯል። አፏም ቀስ በቀስ ቦታው ገባ። ቀኝ እጇ ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጇ ዊልፍሬዶ ኦሩሮ ከተማ ውስጥ ሚኒባስ ይነዳል። ለሙታን መታሰቢያ በዓል መጥቶ፣ ከመቃብር በተመለሱ ማግስት አጠገቧ ቁጭ አለ።

"እማዬ፣ በቃ። ከኔ ጋር ትሄጃለሽ። ላማዎቹን እንሸጣቸዋለን።"

"ከተማ ሄጄ ምን ልሠራ?"

"ምንም አትሠሪም። ታርፊያለሽ!"

"ያረፉትንማ ትናንት አበባ አኑረንላቸው መጣን።"

ዊልፍሬዶ ሳቁ አመለጠው። ሐሳቡን ግን አልለወጠም። "ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪስ? እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ እማዬ።"

እናትየው በረቱን አየች። በዚያ አገር ከዐቢይ ጾም በፊት በሚከበረው የካርኒቫል በዓል ሰሞን የላማዎች ጆሮ ላይ ከባለ ቀለም ክር የተሠራ አበባ ይሰፋል። ክሩን የምትፈትለውና አበባውን የምትሰፋው ራሷ የመንጋው ባለቤት ናት። ያልቻለች መንጋዋን ለሌላ ታስረክባለች።

"ሠላሳ ሁለቱንም በገዛ እጄ ካልሰፋሁላቸው ውሰደኝ፤ አፌን አልከፍትም። ከሰፋሁላቸው ግን ይህን ወሬ ሁለተኛ እንዳልሰማው።"

"ማንም ሳያግዝሽ?"

"ላማውን መያዝ ድሮም የሌላ ሰው ሥራ ነው። ክሩና መርፌው የኔ።"

"እሺ" አለ ዊልፍሬዶ። እጇን አይቶ ነው እሺ ያለው።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ "እማማ፣ ጠዋት ማታ ይጭመቁት" ብላ የጎማ ኳስ ሰጥታት ነበር። ኳሱ ከእጇ እየተንከባለለ ሦስት ቀን ካስቸገራት በኋላ ውሻው ወሰደው፤ እሷም አልተከተለችውም። ከዚያ ይልቅ በየማለዳው፣ ካፒታን ተኝቶ ሲያመሰኳ ከጎኑ ትቀመጣለች። በግራ እጇ ቀኝ እጇን አንስታ ጣቶቿን አንገቱ ላይ ካለው ፀጉር ውስጥ ትከታቸዋለች። "በል እንግዲህ፣ አንተ አመስኳ፤ እኔ እጸልያለሁ" ትለዋለች። ጸሎቱ ሲያልቅ በግራ እጇ መፍተል ትጀምራለች።

መጀመሪያ ክሩ ይበጣጠስ ነበር። ኅዳር ሲያልቅ ግን ግራ እጇ ለመደ። ከቶላ ቁጥቋጦ ቢጫ ቀለም ቀቀለች፤ ጨው ሐይቁ ላይ የሚቆሙትን ወፎች የሚመስለውን ሮዝ እስክታገኝ ድረስ ሦስት ድስት ደፋች። ድስቱን ስታማስል ሕመሟ ይረሳት ነበር። በጥር ወር፣ የዚያ አገር ዝናብ ሲበረታ፣ ቅርጫቷ በክር ሞላ።

ያኔ ኤውሎሂያ መጣች። አንዱን ክር መዘዘችና በጣቶቿ መሃል አሽከረከረችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

"ኒካ! ይህ እኮ የግራ ክር ነው።"

ኒካሲያ ደነገጠች። ዕድሜዋን ሁሉ በቀኝ እጇ ስትፈትል ኖራ፣ እንዝርቱ በግራ ሲሾር ክሩም በተቃራኒው እንደሚከር ልብ አላለችም ነበር። የግራ ክር በሽታን ይመልሳል ተብሎ የሕመምተኛ ቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል፤ ሙታንም ይታሰሩበታል። ለደስታ ቀን የሚሆን ክር አይደለም።

"ላማዎቹን ልታስጌጪ ነው ወይስ ልትገንዢ?" አለች ኤውሎሂያ።

ኒካሲያ ቅርጫቱን ወደ ራሷ ሳበችው። የሦስት ወር ድካሟ ነው።

"በሽታን የሚመልስ ከሆነ፣ ታምሜ ነው የፈተልኩት። ላማዎቼንም ዘንድሮ በሽታ አይንካቸው።"

"ሰው ይስቅብሻል።"

"ይሳቅ። ዝናቡ ሰውን ሁሉ አኮሳትሮታል።"

"ካፒታንስ? መሪው የግራ ክር ካደረገ መንጋው ወደ ኋላ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?"

ይህን በቀልድ ማለፍ አልቻለችም፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ የምታምነው ነው።

"እንግዲያው ለሱ የቀኝ ክር እፈትላለሁ።"

"ግራ እጅሽን ገልብጠሽ አሹሪዋ!"

"አይሆንም። የቀኝ ክር የቀኝ እጅ ነው።"

"ግትር! ወንድሜ እንዴት እንደቻለሽ እንጃ!" ብላ ኤውሎሂያ በሩን ዘግታ ሄደች።

ዝናብ ካደረበት በአንዱ ማለዳ፣ ጣቶቿ በካፒታን አንገት ፀጉር ውስጥ ሳሉ፣ ሌባ ጣቷ ላይ ጉንዳን የሄደ መሰላት። ከዚያ ሙቀት ተሰማት፤ ከሙቀቱ ሥር ደግሞ የማመስኳቱ ንዝረት። አልጮኸችም። በግራ እጇ አማተበችና ግንባሯን ላማው ትከሻ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። ካፒታን ዞር ብሎ ሣር ሣር የሚል ትንፋሹን ፊቷ ላይ ለቀቀው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዝርቱን በቀኝ እጇ ያዘች። ይወድቃል፤ ታነሳዋለች። ደግሞ ይወድቃል። ለካርኒቫል ሁለት ክንድ የምትሆን፣ እንደ ድንች ሥር የጎረበጠች ክር ደረሰችላት። ሮዝ አቀለመቻት፣ አበባ አድርጋም ደረቷ ውስጥ ሸሸገቻት።

የካርኒቫል ዕለት ጎረቤቱ በበረቱ ዙሪያ ተሰበሰበ። ከበሮ ተመታ፤ ከመጠጡም ለምድር የሚገባት ቀድሞ ፈሰሰላት። ኒካሲያ አባታችን ሆይ ደግማ መርፌዋን አነሳች። ዊልፍሬዶ የመጀመሪያዋን ላማ ሲይዝ ላማዋ አዲሱ ሸሚዙ ላይ ተፋችበት።

"ከተሜው ተጠመቀ!" ብሎ አንዱ ጮኸ፤ በረቱ በሳቅ ተሞላ።

እሷ ግን አልሳቀችም። በግራ እጇ እየሰፋች፣ ቋጠሮውን በጥርሷ እየሳበች ሠላሳ አንዱን ጨረሰች። የቀረው ካፒታን ነው። ከጎርባጣው ሮዝ ክር የሠራችውን አበባ ከደረቷ አወጣች።

ኤውሎሂያ አበባውን ቀድማ ተቀበለቻትና ክሩን በጣቶቿ አሸችው። "ይህ የቀኝ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ማን ፈተለልሽ?"

ከበሮው ቆመ።

"እማዬ፣ ማንም ሳያግዝሽ ነው ያልነው" አለ ዊልፍሬዶ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ያ ባሰባት።

"እንዝርት ስጡኝ።"

በቀኝ እጇ ያዘችው። መጀመሪያ ወደቀ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሁለተኛ ክሩ ተበጠሰ። ሦስተኛ አሾረችው፤ ዞረ፣ ዞረ፣ አንድ ስንዝር ክር ወረደ። በጥሳ ለኤውሎሂያ ሰጠቻት። ኤውሎሂያ እንደ በፊቱ አሸችው። ከአበባው ክር ጋር አስተያየችው።

"የራሷ ነው" አለች በመጨረሻ። "የገዛ እጇ ነው!"

ዊልፍሬዶ እጁን በሸሚዙ ጠረገና የካፒታንን ጆሮ በሁለት እጁ፣ እንደሚሰበር ዕቃ ያዘ።

"ስፊ፣ እማዬ። ይዤልሻለሁ።"

የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሷ አልሳበችውም፤ በቀኝ እጇ ነው። ሲጠናቀቅ የበረቱን በር ከፈቱ። ካፒታን ጆሮውን አንዴ አራገፈና ቃጭሉን እያሰማ ቀድሞ ወጣ፤ ሠላሳ አንዱም የግራ ክራቸውን እያወዛወዙ ተከተሉት፣ ወደ ፊት፣ ወደ ለምለሙ ሣር። እሑድ ዊልፍሬዶ ወደ ከተማ ብቻውን ተመለሰ።