የጎረቤታችን እንቅልፍና የአባቴ ማሽን

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። አንደኛ ዓመት እንደገባን ከሕይወታችሁ አንድ ነገር ጻፉ ስንባል፣ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና ስላልተመለሰው ወንድሙ ጻፈ። አንዷ ደግሞ በድርቁ ዓመት ቤተሰቧ ስለለቀቀው መንደር ጻፈች። እኔ ብዙ ካሰብኩ በኋላ የመጣልኝ የአቧራ መምጠጫ ማሽን ነው። «ይህም ታሪክ ሆኖ?» የሚለኝ ቢኖር አልቀየምም። ብቻ በዚያ ሰሞን በቤታችን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበረም። አባቴ የሚወደውን ሥራ ይቀጥል ወይም ይተው የሚለው ነገር የተንጠለጠለው በዚያ ማሽን ላይ ነበር።

ቤታችን ልደታ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ በሚወርደው መንገድ። ግቢውን የሠሩት አያቴ ናቸው። ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ ዋናው ቤትና ጋራዡ ለእኛ ቀሩ፤ ሰርቪሶቹ የቀበሌ ሆኑ። ከጋራዡ ጋር በተያያዘችው ክፍል ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ዘበኛ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። በሁለታችን መካከል ድሮ በር ነበር፤ በሩ ተነሥቶ በቺፑድ ተደፍኗል። በዚያ በኩል ሲያስነጥሱ በዚህ በኩል «ይማርዎ» እንላለን።

አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ በጡረታ ከተሰናበተ ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ እንጨት ይሠራል። በርጩማ፣ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ቁም ሣጥን። ሁሉንም በእጁ ነው የሚሠራው፤ በመጋዝ፣ በመላጊያ፣ በብርጭቆ ወረቀት። ዘበኛው ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው ጠዋት ይመጣሉ፣ ቁርሳቸውን በልተው ይተኛሉ፣ የሚነሡትም ወደ ማታ ነው። የመላጊያው ድምፅ ግን ረብሿቸው አያውቅም። እንዲያውም «የልጅ ማስተኛ ነው» ይሉ ነበር።

አባቴ ማሳል ሲያበዛ እናቴ ጎትታ ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔም አብሬ ነበርኩ። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና «ሥራዎ ምንድን ነው?» አለው።

«ጡረተኛ ነኝ።»

«ጡረተኛ ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ አይገኝም» አለ ሐኪሙ።

ከዚያ ቁርጡን ነገረው። ያ ደቃቅ ብናኝ ወደ ሳንባው መግባቱን ካላቆመ እንጨት ሥራውን መተው አለበት። «እጠርገዋለሁ» አለ አባቴ። «መጥረጊያ ያስነሣዋል እንጂ አያስወጣውም» አለው።

አባቴ ቤት ሲገባ መሣሪያዎቹን በአሮጌ አንሶላ ሸፈናቸው። ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጥ ጀመር። ምሳ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል። እናቴ «ይህ ሰውዬ ቤት ሊውል ከሆነስ እኔ ሥራ እፈልጋለሁ» አለች። ቀልድ ነበር፤ ግን አልሳቀችም። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ስለነበር ሥራ አልነበረኝም። የአባቴን ዝምታ ቀኑን ሙሉ የምሰማው እኔ ነበርኩ።

መላ ያመጣችው አክስቴ ናት። የእናቴ ታናሽ ስትሆን አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። «እኛ ያን ሁሉ ምንጣፍ በመጥረጊያ የምንጠርግ ይመስላችኋል? ማሽን አለ። አፍንጫውን ማስጠጋት ነው፤ ያገኘውን ይውጣል» አለች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር እንዲህ ዓይነት ዕቃ እየጠገነ የሚሸጥ ሰው ታውቅ ነበር። በማግሥቱ እሷ፣ አባቴና እኔ ሄድን።

ባለሱቁ ሁለት ማሽኖች ነበሩት። አንደኛው ለወርክሾፕ የተሠራ፣ ጎማ ያለው፣ እንደ በርሜል የቆመ ነው። ሁለተኛው ትንሽና ድብልብል ሆኖ ድስት የሚመስል ነው። እኔ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ድምፁ ነበር፤ ከቺፑዱ ማዶ የሚተኙት ሰው ከሐሳቤ አልወጡም።

«ድምፅ?» አለ ባለሱቁ። ሁለቱንም በየተራ ደጃፉ ላይ አስነሣቸው። «ይሄ ድምፅ ይባላል? ንብ ነው!»

ከጎኑ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ይቀጠቅጣል፣ በመንገዱ ታክሲ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ረዳቱ ይጣራል። እዚያ መሐል በእርግጥም ሁለቱም ንብ ይመስሉ ነበር። አባቴ ትልቁ ከመሬት ምስማር ሲያነሣ አይቶ ልቡ ወደዚያ ሄደ። ባለሱቁም «ይዛችሁ ሂዱ፣ ካልተስማማችሁ በትንሹ እቀይራለሁ፤ ዋሳችሁ እሷ ናት» ብሎ አክስቴን አሳየ።

«ማሽኑ ከጠፋ እኔን ሊሸጠኝ ነው እንግዲህ» አለች አክስቴ። «ለትንሹ መቀየሪያ እንኳ አልበቃም።»

ጠዋት አባቴ አንሶላውን ገልጦ የቁም ሣጥኑን በር በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ጀመረ። እኔ ቧንቧውን ያዝኩ። ማሽኑን ሳስነሣው ሲሚንቶው ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ እናቴ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። ብናኙ ግን ከእንጨቱ ሳይነሣ እየተሳበ ገባ። አባቴ አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ይለኛል፣ አልሰማውም። በኋላ እንደነገረኝ «አየሽ? አየሽ?» ነበር የሚለው።

ስናጠፋው ወደ ጎረቤት ላከኝ። የዘበኛው ባለቤት በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«እትዬ፣ ድምፁ ረብሿችሁ እንደሆነ አባባ ጠይቂ ብሎኝ ነው።»

«የምን ድምፅ?»

«የማሽኑ።»

«ውይ፣ ማሽን ገዛችሁ እንዴ? ኧረ ምንም አልሰማንም፣ የኔ ልጅ! እሳቸውማ እንደ ድንጋይ ነው የተኙት።»

ማታ ዘበኛው ካፖርታቸውን ደርበው ወደ ሥራ ሲወጡ አባቴ ራሱ ጠየቃቸው። «እንኳን ደስ ያለዎ!» አሉ። «ግሩም ማሽን ነው። ድምፅ የሚባል ነገር የለውም።» አባቴ ደስ ብሎት ገባ። እናቴ ብቻ «ካልሰሙት ግሩም መሆኑን በምን አወቁ?» አለች፤ ያኔ ማናችንም ልብ አላልናትም።

እንዲህ እያለ ሳምንት አለፈ። የአባቴ ሳል ቀነሰ፣ የቁም ሣጥኑም በር አለቀ። አንድ ቀን ኮላ ልገዛ ሰንጋ ተራ ሄጄ ስመለስ የክረምቱ መግቢያ ዝናብ ደረሰብኝ። ሮጬ የቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ጣሪያ ሥር ተጠለልኩ። ግድግዳውን ተጠግቶ አንድ ሰው ተኝቷል፤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን ተንተርሶ። ካፖርቱን ዐወቅኩት። ጫፉ በዝናብ ርሶ ነበር።

ጠጋ ስል ነቁ። ቤታቸው ሊጠይቃቸው እንደመጣ እንግዳ ተቀበሉኝ።

«ምነው ልጄ? ደኅና ነሽ? ዝናብ መታሽ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ልሳለም መጥቼ ሸለብ አደረገኝ» አሉ። ዓይናቸው ደም መስሏል። የራሰውን ካፖርታቸውን ሳይ እንደገባኝ ገባቸው። «አደራ፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ቅር ይለዋል።»

ሰው አደራ ሲል እሺ ማለት ነው የተማርኩት። በትልቅ ሰው ቃል ላይ እምቢ ስል ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። «ይህን አደራ መቀበል አልችልም፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ቅር አላላቸውም። ካፖርታቸውን እየጨመቁ «እይ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የምተኛው በአያትሽ ቤት ነው። ቤቱን ወስጄ ሳበቃ እንቅልፍም ጨምሩልኝ ልበል?»

ይህን ስነግረው አባቴ ተነሥቶ የማሽኑን ገመድ በጥንቃቄ ጠቀለለው። «ቀበሌ ሄዶ ሊከሰኝ ይችል ነበር» አለ። «ይፈረድለትም ነበር። ሰውዬው ሄዶ ዝናብ ላይ ተኛ።» አንሶላውን አነሣና እንደገና መሣሪያዎቹን ሸፈነ። በማግሥቱ ማሽኑን በጋሪ አስጭኖ ወሰደው። ትንሹን እንኳ ለማየት ፈቃደኛ አልነበረም፤ ባለሱቁ ያለ ቅያሪ ዕቃዬን መልሼ አልቀበልም ስላለ ብቻ ትንሹን ይዞት መጣ።

ማታ ዘበኛውን በር ላይ ጠብቆ ያዛቸው።

«ማሽኑን መልሼዋለሁ፣ ወንድሜ። ከእንግዲህ ቤትዎ ይተኙ።»

«እንዴት ይመልሳሉ! እንዲህ ያለ ማሽን!»

«ብዙም አልወደድኩትም።»

«እኔ ወድጄው ነበር እኮ!»

አክስቴ ይህን ስትሰማ በሣቅ ፈነዳች። «እነዚህን ሰዎች ብትጠይቋቸው እስከ ምጽአት እርስዎ ይቅደሙ እርስዎ ይቅደሙ ሲባባሉ ይኖራሉ» አለች። «ትንሹን እንሞክር። ግን ማንም ማንንም እንዳይጠይቅ። የሰውዬውን ማንኮራፋት ግቢው ሁሉ ያውቀዋል። ማሽኑን እናስነሣለን፣ እናጠፋለን፣ ጆሯችንን ግድግዳው ላይ እናደርጋለን። ማንኮራፋቱ ካለ ተኝተዋል፣ ከሌለ ነቅተዋል። የተኛ ሰው ይሉኝታ የለውም።»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔም እባክህ በሚል ዓይን አየሁት። አንሶላውን ገለጠ።

በአክስቴ የዕረፍት ቀን ሞከርነው። ትንሹ ማሽን በእርግጥ ሌላ ነበር። ጉልበቱ እንደ ትልቁ ባይሆንም ብናኙን ይስባል፤ ድምፁም ከሩቅ ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ነው። አባቴ ቁም ሣጥኑን ጥቂት አሸ። አጠፋሁት። ሦስታችንም ቺፑዱ ላይ ተለጠፍን።

ማንኮራፋቱ መጣ። ወፍራም፣ የተስተካከለ፣ ግሩም ማንኮራፋት። አባቴ ፊቱ በራ። እጄን ያዘኝ።

አክስቴ ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ውሸት ነው» አለች በሹክሹክታ።

«እንዴት ውሸት?»

«የተኛ ሰው እንዲህ በሥርዓት አያንኮራፋም። ስሚው እስቲ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ይሄ የአብዮት በዓል ሰልፍ ነው!»

ሆን ብላ ጮክ ብላ አሳለች። ከማዶ ማንኮራፋቱ ጨመረ። አባቴ አፉን በክንዱ አፈነ። አክስቴ ወደ ግድግዳው ተጠግታ «ጋሼ፣ ይበቃል፣ ጉሮሮዎን ያመዎታል!» አለች።

ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ። መጀመሪያ የባለቤታቸው፣ ቀጥሎ የራሳቸው የዘበኛው ሣቅ ቺፑዱን አልፎ መጣ። እኛም ለቀቅነው። አባቴ ሲስቅ አላሳለም።

ሁለቱም ወደ ጋራዡ መጡ፤ እሳቸው ጋቢ ለብሰው፣ እንደተያዘ ልጅ እያፈሩ። «ይቅርብዎ ብያቸው ነበር» አሉ እትዬ። «የእሳቸው ማንኮራፋት እንዲህ ነው እንዴ? መጨረሻው ላይ ፉጨት አለው። አይ፣ ከእንግዲህ እኔን ጠይቁ።»

«በሉ እንግዲህ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ አባቴ። «በሞቴ።»

በሞቴ ከተባለ በኋላ መሸሻ የለም። ዘበኛው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ያኛው አውሮፕላን ነበር» አሉ። «ይሄኛው መኪና ነው። መኪናው ደግሞ አልጋዬ ሥር ነው የሚያድረው።»

«እንግዲያው መኪናውን ከአልጋዎ እናርቀው» አለ አባቴ።

ይህ ለአባቴ ቀላል ነበር፤ የእንጨት ሥራ ነዋ። ለማሽኑ ቤት ሠራለት። ውስጡን በጆንያ ለበጠው፣ እንዳይግል በሁለት በኩል መተንፈሻ ተወለት፣ ከጋራዡ ውጭ በሩቁ ጥግ በቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆመው። ባለሱቁ ሌላ ቧንቧ ጨመረልንና አስረዘምነው። ሳጥኑን ሲሠራ ዘበኛው ከእንቅልፋቸው ተነሥተው መጥተው ጣውላ ያዙለት። «ይህ ጠርዝ ትንሽ አልተንጋደደም?» እስከማለት ደረሱ። አባቴ ለክቶ አየው፤ እውነትም ተንጋዶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲነግሩት ያን ዕለት የመጀመሪያቸው ነበር፣ አባቴም አፍርሶ ሲያስተካክለው ያፏጭ ነበር።

ሳጥኑ ባለቀ ማግሥት ጠዋት ዘበኛው እንደ ልማዳቸው ቁርሳቸውን በልተው ተኙ። እትዬ በርጩማ አውጥተው በራቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ጀመር። እኔ ማሽኑን አስነሣሁ፣ አባቴ ማሸት ጀመረ። ጋራዡ ውስጥ ሆኜ የምሰማው የብርጭቆ ወረቀቱን ድምፅ ብቻ ነበር። ጥቂት ቆይቼ ወደ እትዬ አየሁ። ራሳቸውን ወደ ክፍሉ ዘንበል አድርገው አዳመጡና በእጃቸው «ቀጥሉ» አሉኝ። ምሳ ሰዓት ላይም እንደገና «ቀጥሉ» አሉኝ።

ማታ ዘበኛው ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። ፊታቸው የተኛ ሰው ፊት ነበር። ጋራዡ በር ላይ ቆም አሉና አባቴን ቆጣ ብለው ተናገሩት።

«ምነው ዛሬ ሥራ አልነበረም? በእኔ ምክንያት ከሆነ እቀየማለሁ።»

«ስንሠራ ነው የዋልነው» አለ አባቴ።

ዘበኛው አላመኑትም። ዞረው ባለቤታቸውን አዩ። እትዬ ምስሩን እያበጠሩ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሰኔ 5 ቀን 1979 ዓ.ም. ነበር።