የቡችላዋ ሳህን

ዛሬም የቆርቆሮ ሳህን ሲንቀጫቀጭ ከሰማሁ ልቤ ድንግጥ ይላል። ሻይ ቤት ብሆን እንኳ ቀድሜ የማየው በሩን ነው። ምን ላድርግ፣ ጉርምስናዬ እዚያ ድምፅ ውስጥ ነው የቀረው።

ሐይቅ ከተማ፣ በደርግ ጊዜ፣ ለውትድርና አፈሳው ሲበረታ እናቴ ጓዳ ደበቀችኝ። የጤፍ ብናኝና የአይጥ ሽታ፣ በግድግዳው ስንጥቅ የምትገባ ክር የምታህል ብርሃን፣ በቃ። እኔ ነኝ ያልኩ ጎረምሳ እዚያ ኩርምት! አብራኝ የታሰረችው ቡችላዬ ነበረች። ከተወለደች ጀምሮ ጭንቅላቷ ይንቀጠቀጣል፤ ልትራመድ ስትል እግሯ ወዲያና ወዲህ እየሄደባት ትወድቃለች። የከብት ሐኪሙ «ከአንጎሏ ነው፤ አትድንም፣ ግን አያማትም» ብሎ ነበር። ደጅ ካደረች ጅብ ይበላታል ብዬ ለመንኩ። እናቴ ሰጋጅ ናት፤ ውሻ ያረክሳል ብላ ቤቷ አስገብታ አታውቅም።

«ይሁን፣ አንተም ጓደኛ ትሻለህ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ስትበላ አገጯ ሳህኑን ቀጭ ቀጭ ያደርገዋል። ያ ድምፅ ያስይዘኛል ብዬ ከሥሩ ጨርቅ አነጥፍ፣ አገጯንም በመዳፌ እደግፍ ነበር። ሙቀቷ እስካሁን እጄ ላይ አለ።

አንድ ቀን ከሰዓት ምግቧን አቅርቤላት ሳለ እንቅልፍ ጣለኝ። ቀጭ ቀጭ ሲል ባነንኩ። ጨርቁ ሸሽቷል። ውጭኛው ክፍል የአብዮት ጠባቂው፣ የሰፈራችን ሰው፣ ቆሟል።

«ጓዳ ማን አለ?»

«ቡችላ ናት» አለች እናቴ።

«አንቱ! ሶላት በሚሰገድበት ቤት ውሻ? ማንን ሊያሞኙ ነው?»

እናቴ ገባች። ወደ እኔ እንኳ አልተመለከተችም። የምትሰግድበትን ነጭ ሻሽ እንዳደረገች ቡችላዋን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈቻትና ወጣች። በስንጥቁ አየሁ፤ መሬት አስቀመጠቻት። ቡችላዋ ቆመች፣ ተንገዳገደች፣ ወደቀች፣ ደግሞ ተነሳች።

«ያ አላህ!» አለ ሰውየው። ጓዳውን ሳይፈትሽ ወጣ።

እናቴ ውሻ የነካው እንዲነጻ እስኪመሽ ሻሿን በአፈር እያሸች አጠበች። እኔ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ።

ብዙም ሳይቆይ በአርዲቦ ሐይቅ በኩል ዘመድ ቤት ሸሸሁ፤ ቡችላዋን መውሰድ አልቻልኩም። ደርግ ወድቆ ስመለስ ሞታ ነበር። ሳህኗ ግን ጓዳው ውስጥ፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ጨርቁስ?» አልኳት እናቴን።

«አንተ የሄድክ ዕለት አነሳሁት። ቀጭ ቀጭ ስታደርግ አንተ ጓዳ ያለህ ይመስለኝ ነበር።»