ቤዝመንት ውስጥ የጸለይኩት ጸሎት

እዚህ ውጭ አገር ባለው የጸሎት ኅብረታችን፣ ቤት ወይም መኪና የገዛ ሁሉ እኔን ጠርቶ ያስጸልያል። አንድ ቅዳሜ ስኔልቪል የምትባል ከተማ የሚኖሩት ጋሼ ታደሰ፣ «አዲስ ነገር ገዝቻለሁ፤ ና ጸልይልኝ» ብለው ደወሉ። መኪና ነው ብዬ ሄድኩ። እሳቸው ግን ቤዝመንት ወደሚሉት ምድር ቤት ይዘውኝ ወረዱና በሩን ከውስጥ ቆለፉት።

ጠረጴዛው ላይ ትልልቅ ሽጉጦች ተደርድረዋል። ወደ ተቆለፈው በር አፈገፈግኩ።

«ለኢላማ ተኩስ ነው የምሰበስባቸው» አሉ፣ አንዷን እንደ ሕፃን አቅፈው። «አዲሷ ይቺ ፎርቲ ፎር ናት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ጥይቷም ይወፍራል። ከባድ ስለሆነች ስትተኩስ እጅህ ላይ ብዙ አትዘልም። በል እጅህን ጫንባት።»

«ጋሼ፣ ጥይት አላት እንዴ?»

«ባዶ ናት፣ አንተ ደግሞ!»

ቀዝቃዛው ብረት ላይ እጄን ጭኜ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምን ተብሎ ነው የሚጸለየው? ኢላማዋን እንዳትስት? «ጌታ ሆይ፣ ጠብቀን» እያልኩ ስደጋግም፣ ከኋላዬ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አበቃልኝ ብዬ «አሜን!» ስል ጮኽኩ።

ለካ በሩ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው ገቡ። የኅብረታችን መዘምራን እንደ እናት የሚያዩዋቸው ሴት ናቸው፤ እፎይ፣ አሁን ባላቸውን ይቆጡልኛል አልኩ።

«ጨረሳችሁ?» አሉ፣ ከቦርሳቸው ሽጉጥ እያወጡ። «የኔ ደግሞ ፊፍቲ ናት፤ ዘለግ አድርገህ ጸልይላት።»