የሁለቱ ፍየሎች ወረቀት

ሐዋሳ ውስጥ ቄራ የገባሁት በአጣቢነት ነው። በመጀመሪያው ቀን የአራጆቹ አለቃ ጋሽ በቀለ የጎማ ቦቲ ወረወሩልኝና "ደም ስታይ ፊትህን አታዙር፤ ትንሸራተታለህ" አሉኝ። አዞርኩ፣ ተንሸራተትኩም። እስከ ጡረታቸው ድረስ እያነሱ ሳቁብኝ።

ከአጣቢነት ወደ ቆዳ ገፋፊነት፣ ከዚያ ወደ አራጅነት ለመድረስ አራት ዓመት ፈጀብኝ። ጋሽ በቀለ ካራ ከማስያዛቸው በፊት ያስተማሩኝ እጅ መጫን ነው። መዳፍህን በፍየሉ ግንባር ላይ አሳርፈህ ትንፋሹ እስኪረጋ ትጠብቃለህ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ አዙረህ፣ በስመ አብ ብለህ ታርዳለህ። ፍየሉ የምታባብለው ይመስለዋል። ይህን ነገር አልወደድኩትም፤ ግን ሥራው ይቀላጠፋል።

ጴንጤ መሆኔን ደብቄ ነበር። ቢታወቅ ያረድኩትን የሚበላ ስለማይገኝ ካራዬን እቀማ ነበር። ያ ቀላሉ ነው። ደርግ ጸሎት ቤታችንን አሽጎ፣ በየቤቱ ተደብቀን የምንሰበሰበውን አንድ በአንድ እየለቀመን ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር በጓሮ ለመውጣት እነሳ ነበር።

የሚያስተምሩን ጋሽ ላሚሶ የሚባሉ የቱላ ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። አንድ እሑድ ከሰዓት ስለ አይሁድ የማስተሰረያ ቀን አስተማሩን። ሁለት ፍየሎች ይቀርባሉ። አንዱ ይታረድና ሊቀ ካህናቱ ደሙን ይዞ ቅድስተ ቅዱሳን ይገባል። በሌላው ራስ ላይ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝና ወደ ምድረ በዳ ይሰደዋል።

"በዓመቱ እንደገና ነው" አሉ። "ክርስቶስ ግን በገዛ ደሙ አንድ ጊዜ ገባ። የሁለቱንም ሥራ ጨረሰው።"

"ጋሽ ላሚሶ፣ ፍየል እኮ ምን እንደሚደረግበት አያውቅም" አልኳቸው።

"ልዩነቱ እሱ ነው ልጄ። ክርስቶስ እያወቀ ነው የሄደው።" ትምህርቱን የጻፉበትን ወረቀት ሰጡኝ።

ረቡዕ ጠዋት የቀበሌው ካድሬ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ቄራው ድረስ መጥቶ ኪሳችንን አስገለበጠን። ወረቀቱ ከሽርጤ ኪስ ወጣ። ካድሬው ገልጦ አነበበው።

"ይሄ የላሚሶ ጽሑፍ ነው። ትናንት ይዘነዋል። ታውቀዋለህ?"

"አላውቀውም ጓድ። ጉበት ልጠቀልልበት ከመንገድ ያነሳሁት ነው።"

"ይሄ ልጅ ፊደል የት ይለያል?" አሉ ጋሽ በቀለ፣ ካራቸውን መሳል ሳያቆሙ። ለካ ጴንጤ መሆኔን ያውቁ ኖሯል።

ካድሬው ሳቀ። "መሠረተ ትምህርት ይመዝገብ" አለና ወረቀቱን ይዞ ሄደ።

ያን ቀን አንድም ፍየል አልረጋልኝም። ከዚያም ለስድስት ወር ከእናቶች ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ አልኩ። እንዳላውቅ ለመምሰል እየተንተባተብኩ ነበር የማነበው። በራሴ አፈርኩ፤ ፍርሃቴ ግን ከእፍረቴ ይበልጥ ነበር።

ጋሽ ላሚሶ ከሁለት ዓመት በኋላ ተፈቱ። እዚያው ሐዋሳ፣ ፒያሳ ሳገኛቸው ያነክሱ ነበር።

"ወረቀቱን ለማን ሰጠህ ብለው ጠየቁኝ" አሉኝ።

"እርስዎስ ምን አሉ?"

"ምንም።" ስለ እግራቸው አልጠየቅኳቸውም፤ አልደፈርኩም።

ሥራዬን እስካቆምኩበት ቀን ድረስ ያረድኩት ሁሉ ሳያውቅ ነው የሄደው። ጋሽ ላሚሶ ግን የሚመጣባቸውን እያወቁ በእኔ ፈንታ ተመቱ። ያንን ትምህርት የተረዳሁት ሲያነክሱ ባየሁ ቀን ነው።